አንድ ብርድ ልብስ በአምስት ቤት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዚፕ ብቻ ነው ዛሬ የተሸጠው። ዚፕና ትንሽ ነጭ ክር። ፊት ለፊቴ ያለው ድልድይ ላይ ሰው ይጎርፋል እንጂ ወደ ሱቄ አንገቱን የሚያዞር የለም።

አቶ አስገዶም ደወለ። እሱ ሲደውል ሁሌ እደነግጣለሁ። የድርጅቱ ሰው ነው፤ የአረጋውያናችንን የመድኃኒትና የምግብ ወጪ የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ከደወለ ወይ ፎርም ጎድሏል ወይ ፊርማ።

"ወይዘሮ ነሲባ፣ ገምጋሚዎች ሰኞ ይመጣሉ። የዘንድሮው ግምገማ አሳታፊ ነው።"

"አሳታፊ ማለት?"

"እናንተም አላችሁበት ማለት ነው።"

እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ መልስ መቼ ለምጄ... ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው "የት ላይ ነው ያለንበት?" ብዬ መጠየቅ እንደነበረብኝ የገባኝ።

በዕድሩ በኩል አረጋውያን የምንጠይቅ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነን። ሠላሳ ስምንት አረጋውያን አሉን። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ሰው፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን። እናጥባለን፣ እናበስላለን፣ መድኃኒት እናስውጣለን፣ እናጫውታለን። ፕሮጀክቱ የሚታደሰው ደግሞ በግምገማው ነው። ባይታደስስ?

ይህን ማሰብ ዛሬ አልጀምርም። ጀመርኩት እንጂ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዕድሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሊቀመንበራችን እትዬ ከሪማ ቀድመው መጥተው አግዳሚውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። እዚሁ ፒያሳ ተወልደው እዚሁ ስድሳ አራት ዓመት ሞላቸው፤ አፋቸው ግን ዛሬም የሃያ ዓመት ነው።

ገምጋሚ ይመጣል ስላቸው ሁሉም የሰሙት "እንግዳ ይመጣል" የሚለውን ነው። የማን ግድግዳ ሻግቷል? የማን ፍራሽ ተቀዷል? አንሶላ ያለው ማነው? ፔርሙዝስ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለዚህ። ምን ሊጠይቁ እንደሚመጡ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

"የጋሽ ተስፋልደት ብርድ ልብስ ለእንግዳ አይሆንም፤ አራት ቦታ ተበስቷል" አለች ከዲጃ።

ጋሽ ተስፋልደት ከእኔ ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው። ስለዚህ አፈርኩ። ስለዚህ አፌን ከፈትኩ። ልጄ ፈይሩዝ በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችልኝ፣ ትልቅ ነብር ያለበት ብርድ ልብስ አለ፤ አሳስቶኝ ከላስቲኩ አላወጣሁትም። እሱን አመጣለሁ አልኩ።

ከዚያ ደግሞ አንዷ "ለምን ለአንድ ቤት ብቻ? ገምጋሚዎቹ በዋናው መንገድ ሲሄዱ እኛ በጓሮ እየቀደምን ለሁሉም እናልብሰው" አለች።

አንዷ? ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያየው የለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ሴትና ወንድ፤ ታብሌት ይዘዋል። ትሑቶች። ጫማ እናውልቅ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አንጀቴን በሉኝ፤ ላታልላቸው ነው መንገድ የምመራቸው።

ረጅሙን መንገድ ወሰድኳቸው። ይሄ የድሮ ወርቅ ቤት ነው፣ ይሄ እንዲህ ነበር እያልኩ፤ ግማሹ የፈጠራ። እትዬ ከሪማና ከዲጃ በጓሮ ነብሩን ተሸክመው ይሮጣሉ። አምስት ቤት ገባን። አምስቱም ጋ ነብሩ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን።

ጋሽ ተስፋልደት ጋ መጨረሻ ደረስን። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ እግራቸው ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ገምጋሚዋ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት።"

"ተመስገን።"

ታብሌቱን ነካች። አየሁት። አምስት።

"የሚጎድልዎት ነገር አለ?"

"ምን ይጎድለኛል፣ ተመስገን።"

ነካች።

ጋሽ ተስፋልደት ነብሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጣሪያውን አዩ። ልጁ ፎቶ አነሳቸው።

ሲሄዱ እትዬ ከሪማ ላባቸውን እየጠረጉ "ዛሬ ከእኛ በላይ የጠየቀው ነብሩ ነው" አሉ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም።

ጥቅምት 18

ብርድ ልብሱ ተመለሰ። አንዱ ጥግ ጭቃ ነክቶታል። አጠብኩት።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ረቂቅ ሪፖርቱ መጣ። አርባ ስድስት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ፈይሩዝ ከባንክ ስትወጣ ሱቅ መጥታ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ እያነበበች ነገረችኝ።

የተጠየቁት መቶ በመቶ "በጣም ረክቻለሁ" ብለዋል። የአረጋውያኑ ኑሮ በሚታይ ሁኔታ ተሻሽሏል። የታዩት ቤቶች ሁሉ ንጹሕና ሙቅ የመኝታ ልብስ አላቸው። ደስ እያለኝ ነበር። ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ "ቀጥይ" አልኳት።

"ስለዚህ ጥየቃው በሳምንት ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን ዝቅ ቢል ጉዳት አይኖረውም ይላል።"

"እንደገና አንብቢው።"

እንደገና አነበበችው። ያው ነው።

ከዚያ ፎቶዎቹ። "እማ፣ ይሄ እኔ የገዛሁልሽ አይደለም?" ገጽ ገለጠች። "እማ..." ሌላ ገለጠች። አምስት ፎቶ፣ አምስት ሽማግሌና አሮጊት፣ አንድ ነብር። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ "ይህ ግምገማ ከማኅበረሰቡ ጋር በእኩል አጋርነት የተካሄደ ነው" ይላል። ከሥሩ የፊርማና የማኅተም ቦታ። እስከ ኅዳር 30 ድረስ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ማኅተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ኅዳር 10

አንድ ቀን ከሆነ... ጋሽ ተስፋልደት ጀርባቸው መቁሰል ጀምሯል። በሳምንት አንዴ ማን ገልብጦ ይዘልቀዋል? የግፊት ክኒናቸውን ማን ይቆጥራል? የከዲጃ አሮጊትስ፣ ምድጃ ማንደድ የማይችሉት?

ማኅተሙን ብመታ አንዱ ቀን ይሄዳል። እውነቱን ብናገር አጭበርባሪ ተብለን ሁለቱም ቀን ይሄዳል። ሠላሳ ስምንት ሰው። በእኔ ብርድ ልብስ።

ለየሲን ነገርኩት። "ሁለቱንም ተይና ምሳሽን ብዪ" አለ። ባል እንዲህ ነው። ምሳዬን አልበላሁም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ለሴቶቹ ተናገርኩ።

"እንምታውና ይለቅልን" አለች ከዲጃ። "አንድ ቀንም እኮ ቀን ነው።"

እትዬ ከሪማ ሻርፓቸውን አውልቀው እንደገና አሰሩት። ሲናደዱ እንደዚያ ናቸው። "ፋራ አንሁን እንጂ። ፈተናውን እነሱ አወጡ፣ እነሱ አረሙ፣ ማርኩን እነሱ ሞሉ። አሁን ደግሞ አብረን ነው ያወጣነው ብላችሁ ፈርሙ ይሉናል።"

"እኛ ደግሞ ኮረጅን" አለች አንዷ ከኋላ። ሳቁ መጣና ቶሎ ሞተ።

ቆይቶ እትዬ ከሪማ "ለመሆኑ ሰውን ከአንድ እስከ አምስት ስጠኝ ብሎ የሚጠይቅ ማነው?" አሉ። "እኔ ብሆን፣ ሰው ሳያዩ የዋሉበት ቀን የትኛው ነው እላለሁ። በቃ። ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ።"

ያኔ ሁሉም መናገር ጀመረ። እኔ ብሆን ይህን፣ እኔ ብሆን ያንን። ጻፍኩ፣ እጄ እስኪደክም። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ማንም ምን ብትጠይቂ ትወጃለሽ ብሎን አያውቅም ለካ።

ተወሰነ። ጥያቄውም ጠያቂውም ከእኛ ካልገባበት፣ ሪፖርቱም በአማርኛ ካልተነበበልን ማኅተም የለም። ማንም ደግሞ የራሷን አረጋዊ አትጠይቅም። ብርድ ልብሱም ይነገራል።

"ማን ይንገራቸው?" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

እትዬ ከሪማ ቀስ ብለው አዩኝ። "ሐሳቡ የማን ነበር፣ ነሲባ?"

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ቢሯቸው ወደ ሥላሴ ነው። ታክሲ ትቼ በእግሬ ሄድኩ፣ ዘግይቼ ልድረስ ብዬ። በምኒልክ አደባባይ በኩል ዞርኩ፤ መንገዴ እንኳ አልነበረም። ሐውልቱን ቆሜ አየሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አቶ አስገዶም ማኪያቶ አዘዘልኝ። አልነካሁትም። አምስቱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

"ነብሩን ይዩት" አልኩ።

አየ። መነጽሩን አወለቀ። እንደገና አየ። ሰውዬው ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፊቱ ግን ገረጣ።

"ይሄ እኮ ለዋናው መሥሪያ ቤት ከተላከ ሳምንት ሆኖታል" አለ። "ስሜ አለበት።"

እሱም የሚፈራው ሰው አለው። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም? ስልኩ ሲጮህ እኔ እንደምደነግጠው፣ እሱም በሌላ ስልክ ይደነግጣል።

"ለምን? ከእናንተ ጋር እኮ ጥሩ ነበርን።"

"ጥሩ ነን። ግን እንግዳ ሆናችሁ ነው የመጣችሁት። ለእንግዳ ጎደሎ አይታይም። እንደ ጎረቤት ብትመጡ የተበሳውን ነበር የምናሳያችሁ።"

"አሳታፊ ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር፣ ወይዘሮ ነሲባ።"

"የት ላይ ነው ያለንበት?"

ሪፖርቱን አነሳ። ገለጠ፣ ገለጠ። እኔ ማኪያቶውን እያየሁ ጠበቅኩ። "ገጽ አርባ ስድስት" አለ፤ የማኅተሙ ገጽ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው መሰለኝ፣ ሪፖርቱን ከደነው።

የሴቶቹን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበው። ይህን መፍቀድ የእኔ ሥልጣን አይደለም አለኝ። የማን ነው ስለው በጣቱ ወደ ላይ አሳየኝ። ሕንፃው እኛ ያለንበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያልቃል፤ ከላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው።

ደረጃውን ወረድኩ። ነገርኩት። ነገርኩት እኮ።

ኅዳር 18

አልደወለም።

ኅዳር 20

አልደወለም። የሲን "ስልኩን ከእጅሽ አውርጂው፣ ዱቄት አደረግሽው" አለ። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ አይጠይቁኝም። ባይጠይቁኝ ይሻላል ወይስ ቢጠይቁኝ?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

አልደወለም፤ መጣ። ራሱ፣ በእግሩ፣ ዕድሩ አዳራሽ። አግዳሚው ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠ። አንድ እግሩ አጭር የሆነው አግዳሚ ነው የደረሰው፤ በተናገረ ቁጥር ይወዛወዛል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጥቷል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይላችን ውስጥ ይገባል። ሆኖም እንደገና ይጠየቅ ብለዋል። ግማሹ ጥያቄ የእኛ፣ ግማሹ የእነሱ። ጠያቂዎቹ እኛ፣ ከገምጋሚዎቹ ጋር። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት በአማርኛ ይነበብልናል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የእነሱ ነው።

"ታዲያ ምኑን ተካፈልነው?" አሉ እትዬ ከሪማ።

"ጥያቄውን" አለ አቶ አስገዶም። ሐቀኛ መልስ ነው። አነሰብኝ፤ ግን ሐቀኛ ነው።

"እንግዲያው ከእርስዎ እንጀምር። ባለፈው ዓመት ስንት ቤት ገብተው አረፍ ብለው ተጫወቱ?"

አግዳሚው ተወዛወዘ። "ሁለት" አለ። እትዬ ከሪማ ወደ እኔ ዞረው "ጻፊው" አሉኝ። እሱም "ይጻፉት" አለ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

አዲሱ መጠይቅ ተጀመረ። ቤት ማጽዳት የለም፣ መዋዋስ የለም። የተበሳው እንደተበሳ።

እኔ የከዲጃን አሮጊት ጠየቅኩ። የመጀመሪያው መልስ "ተመስገን" ነበር። ሁለተኛውም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ስለ ልጅነታቸው ስለ ደሴ አጫወቱኝ፤ የአባቴ አገር ሰው ናቸው ለካ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሳልጠይቃቸው፣ "ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚባለው። ምግብ በሌለበት ቀን ክኒኑንም እተወዋለሁ" አሉ። በሳምንት ስንት ቀን? በጣታቸው አሳዩኝ። ሦስት።

ታብሌት የያዘችው ልጅ አጠገቤ ነበረች። አልነካችውም። ዝም ብላ አሮጊቷን ታያለች።

ስወጣ ፈራሁ። ይህን ያህል ነው የማናውቀው?

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

የሁሉም ወረቀት ተሰብስቦ መጣልኝ፤ በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነኝ። የጋሽ ተስፋልደትን የጠየቁት እትዬ ከሪማ ናቸው። ያን ትልልቅ ፊደላቸውን አውቀዋለሁ። እዚህ ልገልብጠው፣ ደጋግሜ ከማነበው።

"ሰው ሳያዩ የዋሉበት ቀን?"

"ሐሙስ። ሐሙስ ሐሙስ።"

"ነሲባ አትመጣም?"

"ትመጣለች። በር ላይ ቆማ፣ ጋሽ እንዴት ዋሉ ትላለች። ተመስገን እላለሁ። ትሄዳለች። ብርሃኑ ከኋላዋ ስለሆነ ፊቷን እንኳ አላየውም።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሐሙስ እኮ ልብስ ሰፊዎቹ ክርና ቁልፍ የሚገዙበት ቀን ነው፤ ሱቁን ለማን ጥዬ? ሰኞ ሰኞ ሙሉ ጠዋት እቀመጥ የለ? ገላቸውን ማን ያጥባል? ደግሞ በር ላይስ ቢሆን ሄጄ የለ?... የጥየቃ መዝገባችን ላይ ሐሙስ ሁሉ ምልክት አለበት። በእጄ። እንደ ጥየቃ ነበር የምቆጥረው። ወላሂ እንደ ጥየቃ ነበር የምቆጥረው።

ለዚያ ሁለተኛ ቀን ብዬ ነው አስገዶም ቢሮ ድረስ እየተንቀጠቀጥኩ የሄድኩት። ለሌለ ቀን።

እትዬ ከሪማ ምንም አላሉኝም። ትናንት ሱቅ መጥተው ቁልፍ ገዝተው ሄዱ። ብተወው ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ብጽፈው ደግሞ እነዚያ ከላይ ያሉት ምን ይላሉ? "ሁለተኛው ቀን ድሮም አልነበረም፣ ይቅር።" ለጋሽ ተስፋልደትም የሚበጀው ዝምታ ነው።

ለእሳቸው ነው የምጨነቀው ወይስ ለራሴ?

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ንባቡ ዛሬ ነበር። አዳራሹ ሞላ። አቶ አስገዶም የራሱን ደብተር ይዞ ያንኑ የሚወዛወዘውን አግዳሚ ራሱ መረጠ። አንባቢዋ እኔ።

ጽፌዋለሁ። ቃል በቃል፣ ብርሃኑንም ጭምር። ስም አንጽፍም ተባብለን ስለነበር "የሐሙሷ ጠያቂ" ብቻ ይላል። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ልዘለው ዳዳኝ፤ ጨረስኩት ግን።

አቶ አስገዶም እጁን አነሳ። "ይሄን ዋናው መሥሪያ ቤት ሲያነበው አንድ ቀን ይበቃል ብለን ነበር ይለናል። ይህች ጠያቂ... ማን እንደሆነች ይታወቃል?"

አሥራ ስምንት ሴት መዳፏን ማየት ጀመረች። እትዬ ከሪማ "ስም አንጽፍም ብለናል እኮ" ብለው ሊያልፉልኝ ጀመሩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ከዲጃ፣ እንምታው ስትል የነበረችው ከዲጃ፣ "የኔም ቅዳሜ እንደዚያው ነው" አለች። ከኋላ ሌላዋ። ከዚያ ሌላ። ሰባት ሆንን።

አቶ አስገዶም እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ። እኛን ነው የጠየቀው። እንዲህ ሲጠይቀን የመጀመሪያው ነው።

እትዬ ከሪማ ናቸው የመለሱለት። "ሁለተኛው ቀን ተርፎ እንዳልሆነ ይጻፉ። ጎድሎ ነው። የጎደለ ነገር ይሞላል እንጂ አይቀነስም። በየሦስት ወሩ ይሄንኑ ጥያቄ እኛው እንጠይቃለን፤ እርስዎም መጥተው ይቀመጣሉ።"

ጻፈው። አንብቦልን አንድ ቃል አስለወጥነው።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ደወለ። ዛሬም ደነገጥኩ። ሁለቱም ቀን ለስድስት ወር ይቀጥላል፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። ስድስት ወር ብቻ? አዎ፣ ስድስት ወር። እሺ ከማለቴ በፊት ግን "ሲታይ እኛ የት ላይ ነን?" ብዬ ጠየቅኩት። እጽፍልዎታለሁ አለ። በጽሑፍ እጠብቃለሁ አልኩት።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሱቁን በስምንት ሰዓት ዘጋሁ። አንድ ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆሞ አጉረመረመ።

ጋሽ ተስፋልደት ቤት ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁና ወንበሩን ወደ አልጋው ሳብኩ። የተዘጋጀሁት ይቅርታ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

"ደንበኞችሽስ?" አሉኝ።

"ይጠብቁ።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። "አርጅተሻል" አሉ። ይቅርታዬን ልጀምር ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

"ሾርባሽ ጨው ይበዛዋል" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ። ስታጥቢኝም ውኃው ይቀዘቅዛል። ሬዲዮኑን ደግሞ ሁሌ እጄ የማይደርስበት ታስቀምጪዋለሽ።"

"ሌላስ፣ ጋሽ?"

ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አሉ። አደረግኩላቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አልጨረሱም።